የሺህ ፊት ባለቤት ሎን ቼኒ

አስፈሪ ሲኒማ የሚወድ ሁሉ ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን ያውቃል። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ በ1931 ዓ.ም. ድምፅ ባለው ፊልም ከመውጣታቸው አስቀድሞ፥ አንዲት ቃል ሳያሰማ ተመልካቹን ያስጮኸ አንድ ተዋናይ ነበረ። እርሱም ሎን ቼኒ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎን ቼኒ ኤፕሪል 1 ቀን 1883 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም መስማት የተሳናቸው ስለ ነበሩ፥ ልጁ በቤት ውስጥ የሚነጋገረው በእጁና በፊቱ ነበር። እናቱ በቁርጥማት በሽታ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ አስታማሚዋ ሆነ። ከአልጋዋ ለማትነሣው እናቱም በከተማ ውሎ ያየውን ሰው ሁሉ፥ አካሄዱንና መልኩን እየመሰለ ያሳያት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ የበለጠ የተውኔት ትምህርት ቤት አላገኘም።

ከተጓዥ የቲያትር ቡድኖች ጋር ብዙ ዓመት ከተንከራተተ በኋላ ወደ ሆሊውድ ገባ። በ1920 ዓ.ም. እግሮቹን ያጣ ወንበዴ ሆኖ ሲሠራ፥ እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ በማሰር በጉልበቱ ይሄድ ነበር። ሕመሙ ከባድ ስለ ነበረ ለረጅም ጊዜ ሊታገሠው አልቻለም። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ቪክቶር ሁጎ በጻፈው ልብ ወለድ የሚታወቀውን የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ፥ ጎባጣውን ካዚሞዶን ሆኖ ታየ። ለዚህም በጀርባው የጀሶ ጉብታ ተሸከመ፤ የጉብታውን ክብደት ግን ወሬኞች እጅግ አጋነኑት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው በ1925 ዓ.ም. የወጣው የኦፔራው መንፈስ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ፈረንሳዊው ጋስቶን ለሩ ሲሆን፥ ታሪኩ በፓሪስ ኦፔራ ምድር ቤት ተሸሽጎ ስለሚኖር፥ ፊቱን በጭምብል ስለሚሸፍን ሰው ይናገራል። ቼኒ ፊቱን የሚያሰናዳው ራሱ ነበር። አፍንጫውን ወደ ላይ ስቦ፥ የዓይኑን ዙሪያ አጥቁሮ፥ በመጽሐፉ የተጻፈውን የራስ ቅል መሰለ። የፊልሙ ኩባንያ ይህን ፊት እስከ ምረቃው ቀን ደብቆ አቆየው። ልጅቱ ከኋላው ቀርባ ጭምብሉን ስትገፈው ፊቱን አስቀድሞ የሚያየው ተመልካቹ ነው፤ እርስዋ የምታየው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1943 ዓ.ም. በተሠራው ፊልም ሰውዬው ፊቱ የተበላሸው አሲድ ተደፍቶበት ነው ተባለ። ይህ ለእኔ ታሪኩን አሳነሰው። የለሩ ሰው አስቀያሚ ሆኖ የተወለደ፥ እናቱም እንኳ ልትስመው ያልወደደች ነው፤ ቼኒም የሠራው ይህንኑ ሰው ነው። ስለዚህ እየፈራነው እናዝንለታለን። ስለ መጨረሻው ግን ቅር ይለኛል። በመጀመሪያ የተቀረጸው በሐዘን ተሰብሮ ሲሞት ነበር፤ በኋላ ግን ለውጠውት ሕዝብ አባርሮ ይገድለዋል።

ሲኒማ መናገር ሲጀምር ቼኒ ብዙ ጊዜ አመነታ። በመጨረሻ በ1930 ዓ.ም. ድምፅ ባለው ፊልም ሲሠራ በአምስት ልዩ ልዩ ድምፅ ተናገረ፤ ድምፆቹም የራሱ መሆናቸውን በመሐላ ፈረመ። ፊልሙ ከወጣ ብዙ ሳይቆይ፥ ኦገስት 26 ቀን በካንሰር በሽታ በ47 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀኖች ጉሮሮው ስለ ተዘጋ መናገር አልቻለም፤ እንደ ልጅነቱም በእጁ ምልክት ይነጋገር ነበር ይባላል።

ልጁ ክሬይተን ቆይቶ የአባቱን ስም ወስዶ በ1941 ዓ.ም. ተኩላ የሚሆነውን ሰው ሠርቷል። የቼኒ የፊት ቅብ ሣጥን በሎስ አንጀለስ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። መቃብሩ እዚያው አጠገብ በግሌንዴል ነው፤ ስሙ ግን አልተጻፈበትም።