ጃኪ ኩጋን

ጃኪ ኩጋን (ሙሉ ስሙ ጆን ሌስሊ ኩጋን፤ ከኦክቶበር 26 ቀን 1914 እስከ ማርች 1 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የፊልም ተዋናይ ነበር። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን በዓለም ላይ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ተዋንያን አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በሎስ አንጀለስ ሲሆን አባቱ የመድረክ ዳንሰኛ ነበር። ጃኪም ገና በጨቅላነቱ ከአባቱ ጋር መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። እዚያ ሲጨፍር ያየው ቻርሊ ቻፕሊን በ1919 በአንድ አጭር ፊልም ትንሽ ሚና ሰጠው፤ በ1921 ደግሞ «ልጁ» በተሰኘው ፊልም አብሮት ሠራ። ጃኪ ድንጋይ እየወረወረ መስኮት ይሰብራል፤ መስታወት ገጣሚው ቻፕሊን ከኋላ ደርሶ ይጠግናል። የሕፃናት ማሳደጊያ ሰዎች ልጁን ነጥቀው በመኪና ሲወስዱት የሚያለቅስበት ትዕይንት ዛሬም ተመልካችን ያስለቅሳል። በ1922 «ኦሊቨር ትዊስት»ን ሠራ። ሥዕሉ በአሻንጉሊትና በልዩ ልዩ ዕቃ ላይ እየታተመ ይሸጥ ነበር፤ ረዘም ያለ ጸጉሩ መቆረጡ ራሱ በ1927 ለወጣ ፊልም ርዕስ ሆኗል።

በ1924 ለአርመንና ለግሪክ ወላጅ አልባ ሕፃናት እርዳታ ለማሰባሰብ በአሜሪካና በአውሮፓ ተዘዋወረ። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋል፤ እነዚህም «አርባ ልጆች» ተብለው የመንግሥት የሙዚቃ ባንድ ሆነዋል።

ጃኪ ሲያድግ ሥራው ቀነሰ። በሜይ 1935 አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ በመኪናው ውስጥ ከነበሩት በሕይወት የተረፈው ጃኪ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት 21 ዓመት ሲሞላው የልጅነት ገንዘቡ ይሰጠኛል ብሎ ጠበቀ። ገቢው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ነገር ግን እናቱና የገንዘቡ አስተዳዳሪ የነበረው የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን አጥፍተውት ነበር፤ በጊዜው የካሊፎርኒያ ሕግም ልጅ ያገኘው ገንዘብ የወላጅ ነው ይል ስለነበር ጥፋት አልሠራንም አሉ። ጃኪ በ1938 ከሰሳቸው። በመጨረሻ የደረሰው 126,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር።

ክሱ ያስነሣው ቁጣ በ1939 «የኩጋን ሕግ» የሚባለውን የካሊፎርኒያ ድንጋጌ አስወጣ። ሕጉ ቀዳዳ ነበረበት። በ2000 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ግን ገቢው የልጁ የራሱ ንብረት መሆኑ ተደነገገ፤ ከክፍያውም 15 ከመቶው ለአካለ መጠን እስኪደርስ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥለታል። ጃኪ ይህን ለማየት አልደረሰም።

ከተዋናይት ቤቲ ግሬብል ጋር የነበረው ትዳር በ1939 ፈረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተር አልባ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ተሰለፈ፤ በማርች 1944 የእንግሊዝ ወታደሮችን በሌሊት በርማ ውስጥ፣ ከጃፓን ጦር መስመር በስተጀርባ አሳርፏል።

ከጦርነቱ በኋላ በቴሌቪዥን ያገኘውን ትንሽ ሚና ሁሉ እየሠራ ቆየ። ሁለተኛው ዝናው የመጣው ከ1964 እስከ 1966 በታየው «የአዳምስ ቤተሰብ» ነው። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ዓይኑን አጥቁሮ፣ አምፖል በአፉ የሚያበራውን አጎት ፌስተርን ሆኖ ተጫወተ። በጸጉሩ የታወቀውን ሕፃን በዚህ ራሰ በራ ሰው ውስጥ ለይቶ ማወቅ ለብዙ ተመልካች አስቸጋሪ ነበር። ከዚያም በኋላ በትወና ቀጥሎ በ69 ዓመቱ በልብ ሕመም ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ሞተ።