የከዋክብትን ማገዶ ያወቀች ሴት

በግንቦት ወር ሰማዩ ጠርቶ ሲያመሽ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ግድም ከአዳማም ሆነ ከመቂ ወደ ደቡብ ብንመለከት፣ ከአድማሱ ብዙም ሳትርቅ የምትታይ ደማቅ ኮከብ አለች። አልፋ ሴንታውሪ ትባላለች። ለዓይናችን አንድ ትምሰል እንጂ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ከዋክብት ናቸው። ትልቋ የፀሐያችን ቢጤ ስትሆን በዕድሜም ሳትበልጣት አትቀርም። ታዲያ ኮከብ ማርጀቷ በምን ይታወቃል? ለዚህ ዕውቀት መሠረት ከጣሉት አንዷ የሆነችውን የሴሲሊያ ፔይንን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴሲሊያ በ1900 በእንግሊዝ አገር ተወለደች። የ4 ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ስለሞተ፣ ሦስቱን ልጆች ያሳደገች እናታቸው ናት። በ1919 ካምብሪጅ ገባች። እዚያም ኤዲንግተን የተባለው ሊቅ ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ሲያስተምር ሰምታ ልቧ ወደ ሰማይ ሸፈተ። ትምህርቷን ብትጨርስም ካምብሪጅ በዚያን ዘመን ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበር። በአገሯ የሚጠብቃት ሥራ አስተማሪነት ብቻ ነበር። ማስተማር የከበረ ሙያ መሆኑን እኛ አናጣውም፤ ችግሩ ሌላው በር ሁሉ መዘጋቱ ነው። ስለዚህ በ1923 አሜሪካ ተሻግራ ሃርቫርድ ገባች።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ ፀሐይና መሬት ከአንድ ዓይነት ነገር፣ በተመሳሳይ መጠን የተሠሩ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ሴሲሊያ የሕንዱን ሊቅ የሜግናድ ሳሃን ቀመር ይዛ የከዋክብትን ብርሃን መረመረች። ብርሃኑ ሲበተን የሚታዩት ጥቁር መስመሮች መጉላትና መሳሳት ይበልጡን ከሙቀት የሚመጣ መሆኑን አሳየች። ሙቀቱን አስባ ስሌቱን ስትሠራ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጂንና ሂሊየም ሆነው ተገኙ። ገና 25 ዓመቷ ነበር።

ምን ያደርጋል! ራስል የተባለው ስመ ጥር ሊቅ ነገሩ ሊሆን እንደማይችል ገለጸላት። እሷም በ1925 ባቀረበችው ጽሑፍ የገዛ ግኝቷን እውነት አይመስልም ብላ አሳነሰችው። በ1929 ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ዞሮ እዚያው ደረሰ፤ የሷንም ሥራ ጠቀሰ። በሃርቫርድ ለብዙ ዓመታት በአነስተኛ ደመወዝ ስትሠራ ቆይታ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነችው በ1956 ነው። በ1979 አረፈች።

ማገዶው ከታወቀ እርጅናውም ይታወቃል። በኮከብ እምብርት ሃይድሮጂኑ ወደ ሂሊየም እየተለወጠ ይሄዳል፤ ሂሊየሙም እንደ አመድ ይጠራቀማል። እምብርቱ እየተጨመቀ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ ኮከቧ እያረጀች ስትሄድ ትደምቃለች እንጂ አትደበዝዝም። ፀሐያችን ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ስትወለድ ከዛሬው ብርሃኗ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነበራት። ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ የእምብርቷ ሃይድሮጂን ሲያልቅ አብጣ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች።

እንግዲህ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ፣ አንዲት ተማሪ ከመጽሐፉ የተለየ መልስ ይዛ ብትነሳ ምን እናደርጋለን? ቁጭ በይ ከማለታችን በፊት ጠመኔውን እንስጣትና ስሌቷን ሰሌዳው ላይ ትሥራው። ከተሳሳተች አብረን እናርመዋለን፤ ልክ ከሆነች ደግሞ አራት ዓመት አናስጠብቃትም።