አበበ ቢቂላና ቆሞ መነሳት

ለማስተማር ልምምድ ጀልዴሳ የወረድን እጩ መምህራን የዕለቱ ትምህርታችን በሩጫ ቆሞ መነሳት ነበር። ጀልዴሳ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት በሐረርና በዘይላ መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች ግመል ያሳርፉባት የነበረች ቆላ ናት። ፀሐዩ ማልዶ ያቃጥላል። በጋለ መሬት ላይ ልጅን አንበርክኮ፣ እጁን አስደግፎ ማስነሳት ደግሞ ቅጣት እንጂ ትምህርት አይሆንም። ቆሞ መነሳት ግን በኖራ ከተሰመረ መስመር በቀር ምንም አይፈልግም። ታዲያ አንዱ ተማሪ ታላላቆቹ ሯጮች ተንበርክከው ሲነሱ በቴሌቪዥን ማየቱን ነገረንና እኛ የምናስተምረው የድሃ አነሳስ መሆኑን ጠየቀን። ያን ዕለት የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። ሙሉውን እነሆ እዚህ እንለጥፈዋለን።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠብቋል፣ ገና ተጫውቷል። አድጎ በክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ሩጫን የምር የያዘውም እዚያው፣ በስዊድናዊው አሰልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ነው። ዘግይቶ ጀመረ ማለት ይቻላል፤ ዛሬ በዚያ ዕድሜ የመጣን ሰው ስንቱ አሰልጣኝ ይቀበለው ይሆን?

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ቤት የዘመን መለወጫ ዋዜማ በሆነበት ቀን፣ ሮም ላይ ለማራቶን ተሰለፈ። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ነበር። ከመነሻው መስመር የተንበረከከ አንድም ሯጭ አልነበረም። እንግዲህ ለልጁ የነገርነው ይህንን ነው፦ ከ400 ሜትር በላይ ባለው ሩጫ ሁሉ፣ በኦሎምፒክም ቢሆን፣ የሚነሱት ቆመው ነው፤ እጅ መሬት እንዲነካ ደንቡ አይፈቅድም። ትእዛዙም ሁለት ብቻ ነው፣ በቦታህ እና የሽጉጡ ድምፅ። በመካከል ተዘጋጅ የሚባለው ለአጭር ርቀት ነው። ከእኛም መካከል ይህንን የሚያደባልቅ አለ፤ ስም አንጠራም።

አነሳሱ ቀላል ይምሰል እንጂ የሚሳሳትበት ብዙ ነው። አንዱ እግር ከመስመሩ ሳይነካ ፊት ይቀመጣል፣ ሌላው ከኋላ ራቅ ይላል። ጉልበት ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፣ ክብደት ወደ ፊተኛው እግር ያመዝናል። ከፊተኛው እግር ጋር ተቃራኒው ክንድ ወደ ፊት ይወጣል። ልጆች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቀኝ እግርና ቀኝ ክንድ አብረው ይወጡና ሰውነታቸው ይተሳሰራል። የትኛው እግር ኋላ እንደሚሆን ለማወቅ ልጁን ከጀርባው ቀስ አድርጎ መግፋት ነው። ሳያስብ ቀድሞ የሚያራምደው እግር ኋላ ይቀመጥ፤ ሲነሳም የሚቀድመው እሱ ነውና።

ሮም ላይ አበበ ከሞሮኳዊው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ሮጠ። መሸ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ በራ። ወደ መጨረሻው፣ ያን ጊዜ ሮም ተተክሎ በነበረው፣ በ1997 ዓ.ም. ግን ወደ አገሩ በተመለሰው በአክሱም ሐውልት አካባቢ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ፤ ልዩነቱ 25 ሰከንድ ያህል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ አሁን ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ደገመ። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። እንደጨረሰም ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን አሞት አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ፤ ግን ዳግም አልቆመም። ሰው ሁሉ አለቀ ያለው ያን ጊዜ ነው። እሱ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ጀመረ፣ ከአካል ጉዳተኞች ጋር ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህንን የምንጽፈው አንድ ያልተናገርነው ስላለ ነው። በዚያ ክፍል እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ነበር። የጓደኞቹን ደብተር እንዲጠብቅ ዛፍ ሥር አስቀመጥነው። ይህ የእኛው ጥፋት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ፊሽካውን ሰጠነውና ያሳተፍነው መሰለን። እሱ ግን ፊሽካውን ነፍቶ ሲጨርስ የእሱ መስመር የትኛው እንደሆነ ጠየቀን። አላሰመርንለትም ነበር። ኖራው ባልዲ ውስጥ ተርፎ ስለነበር ከዳር በኩል፣ ከሌሎቹ አጠር አድርገን አንድ ጨመርን። እሱ ተቀምጦ በእጆቹ እየገፋ የሚነሳበት ስለሆነ፣ መሬቱ ሳይግል ትምህርቱን ወደ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዲያዛውሩልን ለምነን ተፈቀደልን።