የሚድሎቲያን ዘመቻ፤ ግላድስቶንና የ1880 ምርጫ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊሊያም ኤዋርት ግላድስቶን ዲሴምበር 29 ቀን 1809 በሊቨርፑል ከተማ ተወለደ። አባቱ በምዕራብ ህንድ ደሴቶች የሸንኮራ እርሻና ባሪያዎች የነበሩት ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። ልጁ በኢተንና በኦክስፎርድ ከተማረ በኋላ፣ በ1832 ገና 23 ዓመት ሳይሞላው፣ ከኒዋርክ ከተማ ተመርጦ ወደ ሕግ መምሪያው ምክር ቤት ገባ። በዚያ ጊዜ ድምፅ የሚሰጠው በግልጽ ስለ ነበር፣ መራጩ የማንን ስም እንደ ጠራ ባለርስቱ ይሰማ ነበር። ኒዋርክ ደግሞ የኒውካስል መስፍን ተጽዕኖ የበረታበት ከተማ ነበረች። ስለዚህ ግላድስቶን ወደ ፖለቲካ ዓለም የገባው በባላባት ጥላ ሥር ሆኖ ነው። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ ከ48 ዓመት በኋላ በስኮትላንድ ምድር የተጋፈጠው ያንኑ ዓይነት ጥላ ስለ ሆነ ነው።

ሰውየው ከወግ አጥባቂዎች ወገን ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሊበራሎች የተሻገረበትን ረጅም ጉዞ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ሥራው ብቻ ነው። የገንዘብ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ፣ በ1861፣ በወረቀት ላይ ይከፈል የነበረውን ቀረጥ አስቀረ። በጋዜጣ ላይ ይለጠፍ የነበረው የቴምብር ቀረጥ ቀደም ሲል በ1855 ቀርቶ ስለ ነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ሠራተኛውና ትንሹ ነጋዴ ሊገዛው የሚችል ዕቃ ሆነ። በኋላ ንግግሩን ወደ እያንዳንዱ ቤት ያስገባለት ይኸው ርካሽ ጋዜጣ ነው።

በ1868 የተደረገው ምርጫ ለኛ ለኢትዮጵያውያን የሚነግረን ነገር አለው። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር፣ በዲዝራኤሊ መንግሥት ዘመን፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሞቱ። ለንደን ውስጥ የድል ደስታ ሆነ፤ የጦሩ አዛዥ ናፒየርም የማዕረግ ስም ተሰጠው። ይሁን እንጂ በኖቬምበር መራጩ ሕዝብ ዲዝራኤሊን ከሥልጣን አወረደው። ድሉ ድምፅ አላስገኘለትም። ግላድስቶን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1871ም ከመቅደላ ዘውድና ጽዋ ተዘርፎ መምጣቱ እንዳሳዘነው በምክር ቤት ተናገረ። በ1872 ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ የሚያዘው ሕግ በእርሱ መንግሥት ዘመን ወጣ። በ1874 ግን የገቢ ግብርን ፈጽሞ አስቀራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ሳለ ተሸነፈ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የፓርቲውን መሪነት ተወ። መሪነቱም በሕግ መምሪያው ለሎርድ ሃርቲንግተን፣ በመሳፍንቱ ምክር ቤት ለሎርድ ግራንቪል ተላለፈ።

ነገሩ እንዲህ ባለ መጦር ሊያበቃ ይችል ነበር። በ1876 ግን ኦቶማኖች በቡልጋሪያ ያደረሱት እልቂት ከመጻሕፍቱ መካከል አስነሣው፤ በዚህ ጉዳይ ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍም በአንድ ወር ገደማ 200,000 ቅጂ ተሸጠች። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የሚናገርበት መድረክ ነበር። መድረኩም በኤድንበርግ ዙሪያ ያለችው የሚድሎቲያን አውራጃ ሆነች።

ሚድሎቲያን የመራጮቿ ቁጥር ከ3,000 እምብዛም የማያልፍ አውራጃ ነበረች፤ በ1867ና በ1868 የወጡት ሕጎች ለከተማው ሠራተኛ ድምፅ ሲሰጡ፣ በአውራጃው ያለውን ጭሰኛና ማዕድን ቆፋሪ በውጭ ትተውት ነበርና። ወንበሩን የያዘው የባክሉ መስፍን ልጅ ሎርድ ዳልኪዝ ነበር። የሕግ ሰው የሆነ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ዘዴም ይሠራበት ነበር፤ ይኸውም አንድን ርስት በትናንሽ ድርሻ ከፋፍሎ በአውራጃው ለማይኖሩ ወዳጆች ስም በማዛወር የይስሙላ መራጭ መፍጠር ነው። ባለድርሻው በምርጫው ቀን በባቡር መጥቶ ድምፁን ሰጥቶ ይመለሳል። በዚህ በኩል ሁለቱም ወገኖች ንጹሕ እጅ አልነበራቸውም።

ግላድስቶንን ወደዚህ ያመጣው ወጣቱ የሮዝበሪ ባላባት ነው። ሮዝበሪ አሜሪካን ደጋግሞ ጎብኝቶ የዚያን አገር የምርጫ ጉባኤ ያየ ሰው ስለ ነበር፣ ችቦውንና የክብር በሩን፣ የሰልፉንም ሥርዓት እርሱ አሰናዳ። ሆኖም ግላድስቶን እሺ ከማለቱ በፊት የፓርቲው ሰዎች የመራጮችን መዝገብ አገላብጠው፣ ማን ለማን እንደሚያዘነብል አጣርተው፣ ወንበሩ እንደሚገኝ ነግረውት ነበር። የዘመቻውን ታሪክ የሚያወሱ ብዙዎች ይህችን ነጥብ ይዘሏታል፤ በኔ አስተያየት ግን ከችቦው ሁሉ የበለጠች ናት።

ኖቬምበር 24 ቀን 1879 ግላድስቶን ከሚስቱ ጋር ከሊቨርፑል በባቡር ተነሣ። ሰባ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር። በካርላይል፣ በሃዊክና በጋላሺልስ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ለተሰበሰበው ሕዝብ ይናገር ነበር፤ ለምርጫ ከባቡር ላይ ንግግር ማድረግ በእንግሊዝ አገር ያልተለመደ ነገር ነበር። በኤድንበርግ በዌቨርሊ ገበያ 20,000 ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ በግፊያው ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች ከሕዝቡ ራስ በላይ በእጅ እየተቀባበሉ ይወጡ ነበር። በዳልኪዝ ከተማ ድምፅ ለሌላቸው ሴቶች ለብቻ ንግግር አደረገ። እስከ ዲሴምበር 8 ድረስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 87,000 ሰው እንደ ሰማው በዕለት ማስታወሻው ራሱ አስልቶ ጽፏል። መራጮቹ 3,000፣ ሰሚዎቹ 87,000! ከዚህ የምንረዳው ዘመቻው ለሚድሎቲያን ብቻ የታሰበ እንዳልነበረ ነው።

የተናገረውም ሕዝብን የሚያስቅ ወይም የሚያስለቅስ ቀላል ነገር አልነበረም። የመንግሥቱን ሒሳብ እየተነተነ፣ ትርፍ የነበረው በጀት እንዴት ጉድለት ላይ እንደ ወደቀ በአኃዝ ያስረዳ ነበር። የቆጵሮስን መያዝ፣ የትራንስቫልን መጠቅለል፣ የዙሉንና የአፍጋኒስታንን ጦርነት አንድ በአንድ እያነሣ፣ የደካማ ሕዝብ መብት ከኃያሉ መብት እንደማያንስ፣ በተራራ መንደር የሚኖረው የአፍጋን ገበሬ ሕይወትም በእግዚአብሔር ፊት ከእንግሊዛዊው ሕይወት ጋር እኩል እንደ ሆነ አስተማረ። ጋዜጠኞች በአጭር ጽሕፈት እየመዘገቡ በቴሌግራፍ ይልኩት ስለ ነበር፣ ማታ የተነገረው በማግሥቱ ጠዋት በለንደን ይነበብ ነበር። ተቃዋሚው ዲዝራኤሊ የቢከንስፊልድ ባላባት ተብሎ ወደ መሳፍንቱ ምክር ቤት ስለ ተዛወረ፣ በልማዱ መሠረት በምርጫ ዘመቻ መናገር አይገባውም ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም አለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ የአገሪቱን ድምፅ ለወጠ? በፌብሩዋሪ 1880 በሰዘርክ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ወግ አጥባቂዎች ከሊበራሎች ላይ ወንበር ወሰዱ። ቢከንስፊልድ በዚህ ተበረታትቶ ነው ምርጫ የጠራው። ንግግሩ ያን ያህል አገር የገለበጠ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሰዘርክ እንዲህ ባልሆነች ነበር። በሌላ በኩል በ1879 ዝናቡ ሰብሉን አበላሽቶ፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ርካሽ እህል ገበያውን ይዞ፣ የፋብሪካ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር። የበርሚንግሃሙ ጆሴፍ ቻምበርለይን ደግሞ ድሉ የተገኘው ቤት ለቤት በሚሠሩት የአካባቢ ኮሚቴዎቹ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ኮሚቴ ከነበረባቸው 67 ከተሞች በ60ዎቹ ሊበራሎች እንደ ቀናቸው በማስረጃነት አቀረበ። ቻምበርለይን ለራሱ የሚመሰክር ሰው ነበርና ምስክርነቱን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል፤ ቢሆንም የወግ አጥባቂዎቹ ድርጅት በዚያን ጊዜ መላላቱ አይካድም።

ኤፕሪል 5 ቀን 1880 የሚድሎቲያን ድምፅ ተቆጠረ። ግላድስቶን 1,579፣ ዳልኪዝ 1,368፤ ልዩነቱ 211። በአገር አቀፍ ደረጃ ሊበራሎች 352፣ ወግ አጥባቂዎች 237፣ የአየርላንድ ራስ ገዝ ጠያቂዎች 63 ወንበር አገኙ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ወንበሮቹን ያስገኙት መጥፎው መከርና የአካባቢው ኮሚቴዎች ናቸው፤ ዘመቻው የለወጠው ግን የድሉን ባለቤት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ግላድስቶንን ፈጽሞ አትወደውም ነበርና አስቀድማ ሃርቲንግተንን፣ ከዚያም ግራንቪልን ጠራች። ሁለቱም ግላድስቶን ሳይኖር መንግሥት ማቋቋም እንደማይቻል ነገሯት፤ እርሱም ከሌላ ሰው በታች ሆኖ አልሠራም ብሎ ነበር። ኤፕሪል 23 ሳትወድ ሾመችው። ከፓርቲው መሪነት በገዛ ፈቃዱ የወጣን ሰው ቤተ መንግሥት እየጠላው ሥልጣን ላይ ያወጣው የሕዝብ ድምፅ እንጂ የፓርቲው ሹማምንት አልነበሩም።

በመድረክ የተነገረው ቃል ግን በሥልጣን ወንበር ላይ ፈታኝ ሆነ። በጁላይ 1882 የግላድስቶን መንግሥት የእስክንድርያን ከተማ በመርከብ መድፍ ደበደበ፤ በሴፕቴምበር ግብጽን ያዘ። የቀድሞ ባልንጀራው ጆን ብራይት በዚህ ምክንያት ከሚኒስትርነት ለቀቀ። የጉዳዩ መዘዝ እስከ ኛ ድረስ ደረሰ። ጁን 3 ቀን 1884 አድሚራል ሂዌት ዓድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተዋዋለ፤ ኢትዮጵያ በሱዳን ድንበር የተከበበው የግብጽ ጦር እንዲወጣ ልትረዳ፣ በምትኩ ቦጎስ ሊመለስላት፣ በምጽዋ በኩልም ዕቃ ያለ ቀረጥ ሊያልፍላት ሆነ። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1885 ካርቱም ወደቀች፤ ፌብሩዋሪ 5 ቀን ኢጣልያኖች በእንግሊዝ መንግሥት ይሁንታ ምጽዋ ገቡ። ራስ አሉላ ውሉን አክብረው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በኩፊት ከደርቡሾች ጋር ተዋጉ። የደካማ ሕዝብ መብት በዳልኪዝ አዳራሽ ከተነገረ ገና ስድስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ሚድሎቲያን በበኩሏ ተለወጠች። በ1884 ግላድስቶን የአውራጃውን ሠራተኛ መራጭ የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ በ1885 ማዕድን ቆፋሪዎቹ በተሳተፉበት ምርጫ 7,879 ለ3,248 አሸነፈ። ከዚያ የአየርላንድ ጉዳይ መጥቶ ፓርቲውን ለሁለት ከፈለው። በ1892 ግላድስቶን በ82 ዓመቱ ለመጨረሻ ጊዜ ለዘመቻ ወጣ። በቼስተር ከተማ አንዲት ሴት የወረወረችው ደረቅ የዝንጅብል ብስኩት ዓይኑን መታው፤ በታመመ ዓይኑ ወደ ሚድሎቲያን ሄዶ ተናገረ። ድምፁ ሲቆጠር ብልጫው 690 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለአራተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ እስከ 1894 ሠራ፤ ሜይ 19 ቀን 1898 በሃዋርደን በሚገኘው ቤቱ ሞተ።