እቴጌ ምንትዋብና ቤተ ሰባቸው

በዘንዘልማ በኩል አልፎ ወደ ጎንደር የሚወጣውን መንገድ ስንመለከት፥ ከብዙ ዘመን በፊት በዚያች ከተማ የኖሩትን እቴጌ ምንትዋብን እናስባለን። ከእኛ ሩቅ ባልሆነው በጣና ሐይቅ፥ በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እሳቸው ናቸውና ለሐይቁ ዳር ልጆች ስማቸው እንግዳ አይደለም።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናቸው፤ የክርስትና ስማቸውም ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ዐፄ በካፋ አገቧቸውና ኢያሱ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበርና፥ እናቲቱ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። የቋራ ዘመዶቻቸውም ሹመትና ጉልት አገኙ፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑል እስከ ራስ ቢትወደድነት ደረሱ።

ሀብታቸው እጅግ ብዙ ነበር። በፋሲል ግቢ የራሳቸውን ግንብ፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይም የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱም ካደጉ በኋላ ጌጥ ወዳድ ሆኑ፤ የግሪክ አገር ሠራተኞች እልፍኛቸውን በዝሆን ጥርስና ከቬኒስ በመጣ መስተዋት አስጌጡላቸው።

እስቲ አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። እቴጌይቱ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ምልምል ኢያሱ የተባለውን የባላቸውን ዘመድ ወደው አስቴርን፥ አልጣሽንና ወለተ እስራኤልን ወለዱ። ንጉሡ ግን በእናታቸው ነገር አፈሩ፥ ተቆጡም። ምልምል ኢያሱ በ1734 ዓ.ም. ገደማ በጣና አጠገብ ከገደል ተጥሎ ሞተ፤ ያስገደሉትም ንጉሡ ናቸው ይባላል። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን አጥፈን ቆየን። አባታቸው የተገደለባቸውን ሴቶች ልጆችና አስገደለ የተባለውን ወንድ ልጅ አንዲት እናት እንዴት አድርጋ በአንድ ማዕድ ታቀርባለች? የቁስቋም ግንብ ስንት ክፍል ቢኖረው ይህን ይከልልላታል?

ለንጉሡም ከወሎ ኦሮሞ ባላባቶች ወገን ውቢት ተዳረችላቸው፤ ኢዮአስም ተወለደ። ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆኖ ለቀብር የሚበቃ እንኳ አልተገኘም ተብሎ ተተርኳል። ያ ሁሉ መስተዋት በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳለ ማለት ነው!

ኢዮአስ በሕፃንነቱ ነገሠ። አያቲቱ ለቋራ ዘመዶቻቸው፥ እናቲቱም ለወሎ ወንድሞቿ ሹመትና ጉልት ይሹ ጀመር፤ ጉልቱ ግን ያው አንዱ ነው። ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ነገሩ ተቻለ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ጦር ተማዘዙ፤ ራስ ሚካኤል ስሑልም ከትግሬ ተጠርተው መጡ። በዚህ ጠብ የአስቴር ባል በንጉሡ የእናት ወገኖች እጅ ተገደለ፤ አስቴርም ራስ ሚካኤልን አገባች። በ1761 ዓ.ም. ወጣቱን ንጉሥ ያስገደሉት እኒሁ ራስ ሚካኤል ናቸው። እንግዲህ የእቴጌይቱን የልጅ ልጅ ያስገደለው የእቴጌይቱ የልጅ ባል ነው።

እቴጌይቱ ኢዮአስን በቁስቋም ከአባቱ አጠገብ ቀብረው፥ ከዚያ ወዲያ በጎንደር ቤተ መንግሥት መኖርን እንቢ አሉ። በ1762 ዓ.ም. የመጣው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በቁስቋም አገኛቸው፤ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤቱን ልጆችም አከመላቸው። ከዚያ ሁሉ ንብረት በኋላ በልባቸው የቀረው ምኞት የቀሩት ልጆች እንዲተርፉላቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። ቁስቋምን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች አቃጠሉት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ቢታደስም ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ፍርስራሹ ነው። በዚያው ግቢ፥ የእናት፥ የልጅና የልጅ ልጅ ዐፅም መስተዋት ባለው በአንድ ሣጥን ውስጥ አብሮ ተቀምጦ ለጎብኚ ይታያል።