የተሰወረውን ሥራ የገለጡ ሴት፤ የግሬስ ሆፐር የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ለተማሪ እንደ ስንቅ ነው። ስንቅ የያዘ መንገደኛ በሩቅ መንገድ እንደማይዝል ሁሉ፤ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች ድካም ያወቀ ተማሪም በትምህርቱ ተስፋ አይቆርጥም። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ጊዜ፤ ለመጽሔታችን የምናበረክተው ጽሑፍ ምን ይሁን ብለን በተመካከርን ጊዜ፤ በመጀመሪያ የሒሳብ መምህርት፤ በኋላም የባሕር ኃይል አድሚራል የነበሩትን የአሜሪካዊቷን የግሬስ ሆፐርን ታሪክ ለመጻፍ ተስማማን። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

እኒህን ሴት የመረጥንበት ምክንያት አለን። የወፍጮ ድንጋይ ሲዞር ይታያል፤ ማረሻ ሲሰበርም ገበሬው በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል። የኮምፒዩተር ሥራ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ውጤቱ ትክክል ሲሆን በምን መንገድ ትክክል እንደ ሆነ፤ ሲሳሳትም በየትኛው ቦታ እንደ ተሳሳተ፤ ማሽኑን ከውጭ በመመልከት ብቻ ማወቅ አይቻልም። በአገራችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ግሬስ ሆፐር ከ40 ዓመት በላይ የደከሙበት ዋና ነገር፤ በእኛ አስተያየት፤ የተሰወረውን የማሽን ሥራ ለሰው ሁሉ እንዲገለጥ ማድረግ ነው።

ግሬስ ሆፐር በኒው ዮርክ ከተማ በታኅሣሥ 9 ቀን 1906 ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። አባታቸው የኢንሹራንስ ሥራ የሚሠሩ ሰው ሲሆኑ፤ ሴቶች ልጆቻቸው ከወንድ ልጃቸው ያነሰ ትምህርት እንዳያገኙ አጥብቀው ያስቡ ነበር። ግሬስ የ7 ዓመት ልጅ በነበሩ ጊዜ የደወል ሰዓት በምን ዓይነት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው አንዱን ፈቱት፤ መልሰው መግጠም ስላልቻሉም ሁለተኛውን ፈቱ፤ እንዲህ እያሉ በቤት ውስጥ የነበሩትን 7 ሰዓቶች ሁሉ በታትነው ተገኙ። እናታቸውም ነገሩን ባወቁ ጊዜ ጨርሰው አልከለከሏቸውም፤ አንዱን ሰዓት ብቻ እየፈቱ እንዲማሩበት ፈቀዱላቸው እንጂ። ወላጆች ይህን የእናትየውን አስተዋይነት ልብ እንዲሉት እንለምናለን። ልጅቷን በቁጣ መልሰዋት ቢሆን ኖሮ፤ የነገርን ውስጡን ለማየት ያላት ፍላጎት በዚያው በጠፋ ነበር።

የትምህርት ጉዟቸው ግን ሁልጊዜ የቀና አልነበረም። በ16 ዓመታቸው ቫሳር ወደሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ለመግባት ቢያመለክቱ፤ የላቲን ቋንቋ ፈተና ውጤታቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ሳይቀበሏቸው ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጠንክረው አጥንተው ገቡ። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ፤ ከዚያም በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስትሬት፤ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ። ከ1931 ጀምሮ በዚያው በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። በአንድ ፈተና መውደቅ የሰውን ዕድል ለዘለዓለም እንደማይዘጋ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን ከነካ በኋላ፤ ግሬስ ሆፐር በሰላም ከሚኖሩበት የመምህርነት ሥራ ወጥተው በባሕር ኃይል ለማገልገል ፈለጉ። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከወታደር ዕድሜ ያለፈ ነው ተባሉ፤ ክብደታቸውም ከተወሰነው በ15 ፓውንድ፤ ማለት ወደ 7 ኪሎ ያህል፤ ያንስ ነበር። እሳቸው ግን ደጅ መጥናቱን ስላልተዉ በመጨረሻ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷቸው በ1943 መጨረሻ ገቡ። በመኮንኖች ማሠልጠኛም ከጓደኞቻቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ።

ከዚህ በኋላ በ1944 በጋ ወደ ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላኩ። እዚያም ሀዋርድ ኤይከን የሚባሉት ሊቅ የሚያዙት ማርክ 1 የተባለ ትልቅ የሒሳብ ማሽን ቆሞ ነበር። ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፤ ክብደቱ ከ4 ቶን በላይ ሲሆን፤ ከ700 ሺሕ የሚበልጡ ክፍሎች ነበሩት። በአንድ ሴኮንድ የሚሠራው የመደመር ሒሳብ 3 ብቻ ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው በተበሳ የወረቀት ጥቅልል ነው። ግሬስ ሆፐር ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ማሽን አይተው የማያውቁ ሲሆኑ፤ እንደ ደረሱ ወዲያው በሳምንት ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ ከባድ ሒሳብ ተሰጣቸው፤ ሠርተውም አስረከቡ። ኋላም ማሽኑ በምን ዓይነት እንደሚታዘዝ የሚያስረዳ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ፤ መጽሐፉም በ1946 ታትሞ ወጣ። በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የነበረው ዕውቀት በዚህ ዓይነት በወረቀት ላይ ሰፈረ።

በዚያው ዘመን ሊዘነጋ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። በ1944 ጆን ፎን ኖይማን የሚባሉት የሒሳብ ሊቅ ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ የሚያስፈልግ ስሌት በማርክ 1 እንዲሠራ አድርገዋል። ስሌቱን የሠሩት ሰዎች ግን ሥራው ለምን እንደሚውል አልተነገራቸውም። እንግዲህ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የሚሠራው ለምን እንደ ሆነም ለሠራተኛው የተገለጠ መሆን እንዳለበት ይህ ታሪክ ያሳስበናል።

በመስከረም 9 ቀን 1947 ማርክ 2 የተባለው ሁለተኛው ማሽን በትክክል መሥራቱን አቆመ። ሠራተኞቹም አንድ በአንድ ሲመረምሩ፤ የኤሌክትሪኩን መሥመር ከሚከፍቱትና ከሚዘጉት መቆጣጠሪያዎች በአንደኛው ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተቆንጥጣ ሞታ አገኙ። እርሷንም አውጥተው አልጣሏትም፤ በዕለቱ የሥራ መዝገብ ላይ በማጣበቂያ ለጠፏት፤ ሰዓቱንና የተገኘችበትን ቦታም ጻፉ። በእንግሊዝኛ የማሽን ጉድለት በተባይ ስም መጠራቱ ከዚያ በፊት የነበረ ልማድ ስለ ነበር፤ እውነተኛ ተባይ መገኘቱ ለሁሉም ሳቅ ሆነ። እራቷን ያገኙት ግሬስ ሆፐር ናቸው እየተባለ አንዳንድ ጊዜ ይነገራል፤ ነገር ግን ያገኙት የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ታሪኩን በየቦታው እየተናገሩ እንዲታወቅ አደረጉት። መዝገቡም ከነእራቷ ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል።

ይህ ነገር ለሳቅ ብቻ የሚነገር አይደለም። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ፤ ጉድለቱ መቼና የት እንደ ደረሰ፤ ምን ተደርጎ እንደ ዳነ ማንም ባላወቀ ነበር። ዛሬም በየአገሩ በሺሕ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን የሚያስተዳድሩ መሐንዲሶች ሥራቸው የተመሠረተው በዚሁ ልማድ ላይ ነው። ማሽኖቹ የሚያደርጉትን ሁሉ በየሴኮንዱ እንዲመዘግቡ ያደርጋሉ፤ አንድ ነገር በተበላሸ ጊዜም መዝገቡን አገላብጠው ምክንያቱን ይፈልጋሉ። በግምት ከመሮጥ ይልቅ ተጽፎ የተገኘውን መመልከት ይሻላልና።

ከጦርነቱ በኋላ ግሬስ ሆፐር ቫሳር ኮሌጅ የመምህርነት ቦታ ቢያቀርብላቸውም በሀርቫርድ ለመቆየት መረጡ። ይሁን እንጂ እዚያ ቋሚ ሥራ ስላላገኙ፤ በ1949 ፊላደልፊያ ውስጥ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ወደሚሠራው ኩባንያ ሄዱ። የሚተማመኑበትን ቦታ ለቆ፤ ይቆም ይውደቅ ገና ወዳልታወቀ አዲስ ሥራ መግባት ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የፕሮግራም ጸሐፊዎች ተፈትነው ትክክል መሆናቸው የታወቁ ትእዛዞችን በደብተራቸው ይይዙ፤ አንዱም ከሌላው እየቀዳ ይጠቀም ነበር። ግሬስ ሆፐር ግን ሰው ሲገለብጥና ቁጥር ሲደምር እንደሚሳሳት አስተዋሉ። መገልበጥና መደመር የማሽኑ ሥራ ከሆነ፤ ስለ ምን ማሽኑ ራሱ አይገለብጥም፤ ብለው አሰቡ። በ1952ም ተዘጋጅተው የተቀመጡትን ትእዛዞች ሰብስቦ አንድ ሙሉ ፕሮግራም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም ሠሩ፤ ስሙንም ኮምፓይለር አሉት። ይህን ሲናገሩ ግን ብዙ ሰው አላመናቸውም፤ ኮምፒዩተር ሒሳብ ከማስላት በቀር ፕሮግራም ማዘጋጀት አይችልም ይሏቸው ነበር።

እሳቸውም በዚህ ሳይገቱ፤ የንግድና የቢሮ ሰዎች የሒሳብ ምልክት ሳያውቁ በተለመደው የእንግሊዝኛ ቃል ኮምፒዩተሩን ማዘዝ አለባቸው ብለው ተነሡ። ለአለቆቻቸውም ሐሳቡን ሲያስረዱ፤ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም ጽፈው አሳዩዋቸው። አለቆቹ ግን አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ማሽን ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያውቃል መባሉ አስደነገጣቸው። የግሬስ ሆፐር ሐሳብ ግን ቀላል ነበር፤ ለማሽኑ ቃል ምልክት ብቻ ነው፤ ከየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ ለእርሱ አንድ ነው። እኛም ይህን ስናነብ የአማርኛ ቃል ቢሆንስ ብለን ሳናስብ አላለፍንም።

ከብዙ ድካም በኋላ ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ ተሠራ። በ1959ም ከመንግሥትና ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች የተውጣጡ ባለሙያዎች ለሁሉም ማሽን የሚያገለግል አንድ የንግድ ሥራ ቋንቋ ለማውጣት ተሰበሰቡ፤ ግሬስ ሆፐርም ከአማካሪዎቹ አንዷ ነበሩ። የተሠራው ቋንቋ ኮቦል ተባለ። ኮቦል የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ዋናው መሠረቱ ግን የእሳቸው ፍሎው ማቲክ ነው። በታኅሣሥ 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት ልዩ ልዩ ኩባንያዎች በተሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲሠራ ታየ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፤ በገበያ የሚፎካከሩት ኩባንያዎች በአንድ ቋንቋ መስማማታቸው ለሁሉም ጠቀመ። ዛሬም በብዙ አገር ባንኮች ውስጥ በኮቦል የተጻፉ ፕሮግራሞች እየሠሩ ይገኛሉ።

በ1966 መጨረሻ በኮማንደር ማዕርግ ከባሕር ኃይል በጡረታ ተሰናበቱ። በ1967 ግን ለ6 ወር ብቻ ተብለው እንደ ገና ተጠሩ። የተጠሩበትም ምክንያት በባሕር ኃይል ውስጥ ኮቦል በየክፍሉ የተለያየ መልክ ይዞ ስለ ነበር አንድ ሥርዓት እንዲያበጁለት ነው። እሳቸውና አብረዋቸው የሚሠሩት ወጣቶች፤ ኩባንያዎች ኮቦል ነው ብለው የሚያቀርቡት ሁሉ በእርግጥ ደንቡን የጠበቀ መሆኑን የሚያረጋግጡ የመፈተኛ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። ከዚያ ወዲያ የሻጩን ቃል ማመን ቀርቶ፤ ሥራው ራሱ እየተፈተነ ምስክር የሚሰጥ ሆነ። የ6 ወሩ አገልግሎትም፤ ጥቂት ካረፉበት ጊዜ በቀር፤ እስከ 1986 ቀጠለ።

የአመራር ጠባያቸውም ሊነገር ይገባዋል። ዕቃ ይተዳደራል፤ ሰው ግን ይመራል እንጂ እንደ ዕቃ አይተዳደርም ብለው ያምኑ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ነገር፤ ሲሠራበት የኖረ ነው እየተባለ አዲስ ሐሳብ ሲገታ ማየት ነበር። ስለዚህም በቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር፤ ነገር ግን ጊዜውን በትክክል የሚቆጥር ሰዓት ሰቅለው ነበር። ትልልቅ አዛዦች የሳተላይት መልእክት ስለ ምን ይዘገያል ብለው ሲጠይቋቸው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ሽቦ ያሳዩ ነበር፤ ይህም ብርሃን በሴኮንድ ከቢሊዮን አንድ እጅ ውስጥ የሚሄደው ርቀት ነው። በዓይን የማይታየውን ጊዜ በእጅ እንዲያዝ አደረጉት። አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ብቻ ከመግዛት ይልቅ ብዙ ትንንሾችን ማያያዝ እንደሚሻልም ሲያስረዱ፤ አንድ በሬ ግንዱን መጎተት ቢያቅተው ሌላ በሬ ይጨመርለታል እንጂ በሬውን ማሳደግ አይሞከርም ይሉ ነበር። ይህ ምሳሌ ጥማድ በሬ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በነሐሴ 1986 በሪር አድሚራል ማዕርግ፤ በ79 ዓመታቸው፤ ቦስተን ላይ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊት መርከብ ላይ በክብር ተሰናበቱ። ከዚያም በኋላ ሥራ አልፈቱም፤ ለአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ አማካሪ ሆነው ወጣቶችን ያስተምሩ ነበር። በጥር 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብርም ተቀበሩ። በስማቸው የተሰየመች የጦር መርከብ በ1997 ሥራ ጀመረች፤ በ2016ም ከፍተኛው የአሜሪካ ሲቪል ሽልማት በስማቸው ተሰጠ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ለኮምፒዩተር ተማሪ ብቻ የሚሆን አይደለም። ሒሳብ የሠራ ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ መንገዱን ከደበቀ፤ በተሳሳተ ጊዜ መምህሩ የት ላይ እንደሚያርመው አያውቅም። ዕውቀቱን ለራሱ ብቻ የሸሸገ ባለሙያም እርሱ ሲሄድ ሥራው አብሮ ይቀበራል። ግሬስ ሆፐር መጽሐፍ ጻፉ፤ ቋንቋ አቀኑ፤ መፈተኛ አዘጋጁ፤ ብዙ ወጣቶችንም አሠለጠኑ፤ ስለዚህ እሳቸው ቢያልፉም ሥራው አልቆመም። እኛም ደብተራችንን ለጓደኛችን የምንገልጥ፤ ስሕተታችንንም ለመምህራችን የማንደብቅ ተማሪዎች እንሁን፤ ትምህርት ቤታችንንም ዕድሜ የሚሰጠው ይህ ልማድ ነውና።