በባሮ በር የገቡት ሐኪም፦ የዶክተር ቶማስ ላምቢ ሕይወትና ሥራ

በጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳርቻ የነበረው ወደብ በታሪክ ይበልጥ የሚታወቀው በቡና፣ በጨውና በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ነው። ይሁንና በዚያ ወደብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባው የንግድ ዕቃ ብቻ አልነበረም። በምዕራብ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምናን ካስጀመሩት፣ በኋላም በአዲስ አበባና በደቡብ የአገሪቱ ክፍል የጤና ተቋማትን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆኑት ዶክተር ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ ኢትዮጵያን የረገጡት በዚሁ በር ነው።

ዶክተር ላምቢ እ.ኤ.አ በ1885 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀው በ22 ዓመታቸው እ.ኤ.አ በ1907 የአሜሪካ ሚሲዮን ሐኪም ሆነው ወደ ሱዳን ተጓዙ። በዚያም በሶባት ወንዝ ዳር በሚገኘው ዶሌብ ሂል፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ድንበር በሚቀርበው በናስር ለሽሉክና ለኑዌር ሕዝቦች የሕክምና አገልግሎት ሰጥተዋል። ሶባት የሚባለው ወንዝ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ባሮ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ የሚይዘው ስም በመሆኑ ሐኪሙ ወደ ኢትዮጵያ ከመሻገራቸው ከብዙ ዓመታት በፊት በአገሪቱ ወንዝ ዳር ይሠሩ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ ጋምቤላ ከሌሎች የአገሪቱ ከተሞች የተለየ አቋም ነበራት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል መሠረት በባሮ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ከ40 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲውል ለእንግሊዝና ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቅዶ ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው በጋምቤላ ሲሆን፣ በክረምት ወራት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያው ይደርሱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ግን መርከቦቹ አይመጡም፤ ሰውም ደብዳቤም የሚመላለሰው በጀልባና በእግር ነበር።

ዶክተር ላምቢን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው ወረርሽኝ ነው። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገሪቱን ሲመታ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የሰየመው ደዌ በአዲስ አበባ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን እንኳ ታመው ተርፈዋል። በዋና ከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ በጠረፍ አውራጃዎች ጭራሹኑ አልነበሩም። በዚህ ጊዜ በምዕራብ ወለጋ የሰዮ አካባቢ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ለሕዝባቸው ሐኪም እንዲላክላቸው በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው በናስር ለነበሩት ሐኪም ደረሰ።

ዶክተር ላምቢ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው እ.ኤ.አ በ1919 ክረምት ባሮን ተከትለው ጋምቤላ ገቡ። ከዚያም በወባ ከሚታወቀው ቆላ ተነሥተው በበቅሎ ወደ ሰዮ ደጋ ወጡ። ሰዮ ዛሬ ደምቢ ዶሎ እየተባለ የሚጠራው ከተማ ነው። በዚያም ክሊኒክ ከፍተው ሕሙማንን ማከም ጀመሩ፤ ከክሊኒኩ ጎንም ትምህርት ቤት ተተከለ። በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡትና በኋላ በአካባቢው ታዋቂ መምህርና ቄስ የሆኑት ጊዳዳ ሶለን በዚህ ሚሲዮን ከተማሩት መካከል ናቸው። የቄስ ጊዳዳ ልጅ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም እ.ኤ.አ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ሆነው ማገልገላቸው ይታወሳል።

ከሰዮ የጀመረው ሥራ ወደ መናገሻ ከተማ የተሻገረው በአንድ ቀላል ሕክምና ምክንያት ነበር። ዶክተር ላምቢ ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ በአዲስ አበባ በኩል ለማለፍ ወስነው ጎሬ ሲደርሱ የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት ራስ ናደው በጆሮ ሕመም ሲሰቃዩ አገኟቸው። ሐኪሙም ከጆሯቸው ውስጥ ነፍሳት አውጥተው ፈወሷቸው። በዚህ የተደሰቱት ራስ ናደው ስለ ሐኪሙ ለራስ ተፈሪ መኮንን አስታወቁ። አልጋ ወራሹም ዶክተር ላምቢን ተቀብለው በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲያቋቁሙ ጠየቋቸው፤ ለሥራው የሚሆን መሬትም በጉለሌ ሰጡ።

ዶክተር ላምቢ ወደ አሜሪካ ተመልሰው ገንዘብ ሲያሰባስቡ የኦሃዮ ግዛት ባለሀብት የነበሩት ደብልዩ ኤስ ጆርጅ ለግንባታው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለገሱ። በዚህም እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ በጉለሌ የተሠራው ሕንፃ የጆርጅ መታሰቢያ ሆስፒታል ተብሎ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በወቅቱ በአዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በቀር ይህ ነው የሚባል የሕክምና ተቋም እምብዛም ባለመኖሩ የጉለሌው ሆስፒታል ለከተማዋ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ሐኪሙ በዋና ከተማ ተደላድለው መቀመጥን አልመረጡም። እ.ኤ.አ በ1927 ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሐኪም ባልደረሰባቸው የደቡብ አካባቢዎች ለመሥራት አዲስ ሚሲዮን መሠረቱ፤ ድርጅቱም ብዙም ሳይቆይ ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ጋር ተዋሐደ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ ያቀናው ቡድን መጀመሪያ ያሰበው ጅማ ለመግባት ቢሆንም ጉዞው ወደ ወላይታና ወደ ሲዳሞ ዞረ። በሲዳሞ የተቀበሏቸው ገዥም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ሰዮ የጠሯቸው ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ነበሩ። በአንድ አገረ ገዥና በአንድ ሐኪም መካከል በጠረፍ የተመሠረተው መተማመን በሌላ አውራጃ ሌላ በር ከፈተ። በሶዶ፣ በሆሳዕናና በሲዳማ የሕክምናና የትምህርት ጣቢያዎች የተተከሉት ከዚህ በኋላ ነው።

ዶክተር ላምቢ ከፍተኛ ትኩረት ከሰጧቸው ጉዳዮች አንዱ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሁኔታ ነበር። እነዚህ ወገኖች ከቤተሰብና ከኅብረተሰብ ተገልለው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በልመና የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ሕክምና አግኝተው በማረሻና በእጅ ሥራ ራሳቸውን የሚችሉበት ስፍራ አልነበራቸውም። ሚሲዮኑ በዶክተር ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በተሰጠው መሬት ላይ ለሕሙማኑ መታከሚያና መኖሪያ ሠራ። ተቋሙም በወጣትነታቸው ባረፉት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰየመ። የአካባቢው ሕዝብ ዛሬም ሰፈሩን ዘነበወርቅ ብሎ ይጠራዋል።

የኢጣሊያ ወረራ ሥጋት እየገፋ ሲመጣ ዶክተር ላምቢ ለአንድ የውጭ አገር ዜጋ ከባድ የሆነ ውሳኔ ወሰኑ። የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው የኢትዮጵያን ዜግነት ያዙ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም ሲመሠረትም ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ። ማኅበሩ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ዕውቅና ያገኘው በመስከረም 1928 ዓ.ም ወረራው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

አዲሱ ማኅበር የራሱ የሆነ የሠለጠነ የሕክምና ሠራዊት አልነበረውም። የኢትዮጵያ ጦር መደበኛ የሕክምና ክፍል ስላልነበረው የቆሰለ ወታደር የሚታከመው በሚሲዮን ሐኪሞችና ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከግብፅና ከሌሎች አገሮች በመጡ የአምቡላንስ ቡድኖች ነበር። እነዚህን ቡድኖች መቀበል፣ መመደብና መድኃኒት ማድረስ ከዋና ጸሐፊው ኃላፊነቶች መካከል ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ግን ከጥቃት አላዳናቸውም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን አምቡላንስ ተደበደበ፤ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ በቆረም የእንግሊዝ አምቡላንስ ተመሳሳይ ጥቃት ደረሰበት። በሰሜን ግንባር በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች በየሕክምና ጣቢያው ሲደርሱ ዶክተር ላምቢ ድርጊቱን ለዓለም ካሳወቁት ሰዎች መካከል ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ሲነሡ ከተማዋ ለቀናት በዝርፊያና በተኩስ ታመሰች። የእንግሊዝ አምቡላንስ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ቁስለኞችን ሲረዱ በጥይት ተመትተው በዚያው ሞቱ። ዶክተር ላምቢ ግን ከከተማዋ አልወጡም። ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣሊያ ጦር ሲገባ ሐኪሙ ዜግነቱን የተቀበሉት መንግሥት በአገሩ ላይ አልነበረም፤ ቀድሞ የነበራቸውን ዜግነትም ለቀውታል።

የዶክተር ላምቢ ስም እስካሁን አከራካሪ ሆኖ የቆየው ከዚህ በኋላ በፈጸሙት ተግባር ነው። በጉለሌ፣ በዘነበወርቅና በደቡብ ያሉት ተቋማት እንዳይዘጉ በማሰብ ለወራሪው አስተዳደር መገዛታቸውን አስታወቁ። በጦርነቱ ጊዜ ስለ መርዝ ጋዝና ስለ ቀይ መስቀል ድብደባ የሰጡትን ምስክርነትም መልሰው አነሡ። ይህ ተግባር በስደት ላይ በነበሩት ንጉሠ ነገሥትና በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከባድ ቅሬታ ፈጠረ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ዋና ጸሐፊ የነበረ ሰው ቃሉን መሻሩ በዓለም ፊት የኢትዮጵያን አቤቱታ የሚያዳክም ነበርና።

በዚያው ጊዜ ሌላው ሐኪም፣ በሕክምና ሙያ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የአገራቸውን ጉዳይ ያሰሙ ነበር። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በ1929 ዓ.ም የየካቲት 12 ጭፍጨፋን ተከትሎ በፋሺስቶች ተገድለዋል። የሁለቱ ሐኪሞች ዕጣ ጎን ለጎን ሲታይ የዚያ ዘመን ምርጫ ምን ያህል መራራ እንደነበረ ግልጽ ይሆናል።

ዶክተር ላምቢ የከፈሉት ዋጋ የፈለጉትን አላስገኘላቸውም። የኢጣሊያ አስተዳደር የሚሲዮኑን ሠራተኞች ከየጣቢያቸው አስወጣ፤ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም የወላይታ ሶዶ ጣቢያ ሠራተኞች አገሩን ለቀቁ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሐኪሙም ከኢትዮጵያ ወጥተው እ.ኤ.አ በ1939 ያሳተሙትን የሕይወት ታሪካቸውን አገር የሌለው ሐኪም የሚል ትርጉም ባለው ርዕስ ሰየሙት። በኋላ የአሜሪካ ዜግነታቸውን መልሰው ቢያገኙም ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሥራቸው አልተመለሱም። የመጨረሻ ዓመታታቸውን በቅድስት አገር አሳልፈው በቤተልሔምና በኬብሮን መካከል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል አቋቁመዋል። እ.ኤ.አ በሚያዝያ ወር 1954 በ69 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዶክተር ላምቢ ቃላቸውን ሽረው ሊያድኗቸው የሞከሩት ተቋማት የዳኑት በሌላ መንገድ ነው። ከነፃነት በኋላ የጉለሌው ሆስፒታል ስፍራ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በጊዜ ሂደትም በዚያው በጉለሌ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለመሆን በቃ። በዘነበወርቅ ቅጥር እ.ኤ.አ በ1965 አለርት የተቋቋመ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ አልፎ ለአፍሪካ አገሮች የሥጋ ደዌ ሐኪሞችን አሠልጥኗል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ከነፃነት በኋላ በኢትዮጵያውያን አመራር ተጠናክሮ በመላ አገሪቱ ሥራውን ቀጥሏል። ተቋማቱ የቆሙት መንግሥት በኃላፊነት ስለተረከባቸው፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ስለሠሩባቸው ነው።

ጋምቤላም ብዙ ተለውጣለች። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ የንግድ ጣቢያው እ.ኤ.አ በጥቅምት 1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በ1950ዎቹ ሌሎች የአሜሪካ ሚሲዮን ሠራተኞች በባሮ ዳር በፖክዎ ለአኙዋ ሕዝብ ሌላ የሕክምናና የልማት ጣቢያ ከፍተዋል። ዛሬ የክልሉ ርዕሰ ከተማ የሆነችው ጋምቤላ የራሷ ሆስፒታል አላት፤ እ.ኤ.አ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ሱዳን ግጭት ምክንያት ድንበር ተሻግረው የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በክልሉ ተጠልለዋል። በ1911 ዓ.ም ሐኪም ወደ ኢትዮጵያ የገባበት የወንዝ መስመር በዚህ ዘመን ሕክምና ፈላጊዎች የሚገቡበት ሆኗል።

በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የአገሪቱን የምርመራና የቅኝት ሥራ ያስተባበረው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የሰዮው ገዥ በኅዳር በሽታ ዘመን ከጎረቤት አገር ሐኪም ለመለመን ተገደው ነበር። ከ100 ዓመት በኋላ ግን ያ ሐኪም ሆስፒታል በሠሩበት በጉለሌ የአገሪቱ ባለሙያዎች የራሳቸውን ቤተ ሙከራ ይዘው ወረርሽኙን ጠበቁት።